ዲናር ሁሉ አንድ ነው እንዴ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱንን ጥያቄዎች ስናገላብጥ ግማሾቹ ስለ ዲናር ሆነው አገኘናቸው። አይገርምም። ኩዌት፣ ባህሬንና ዮርዳኖስ ያሉ እህቶቻችን የሚከፈላቸው በዲናር ነው። አሜሪካ ያሉት ደግሞ “የኢራቅ ዲናር ግዙ” የሚል ሰው በዝቶባቸዋል። ስለዚህ ዓምዱን ዛሬ ለዲናር ለቀቅነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ሙስሊም ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ። እሱ “ዲናር የእስልምና ገንዘብ ነው” ይላል፣ እኔ ደግሞ “ወንጌል ላይ አለ” እለዋለሁ። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስንከራከር ይመሻል። ማነው ልክ? (ከደሴ)

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ግን ከሁለታችሁም የሚቀድሙ ሮማውያን አሉ።

ዲናሪየስ የሚባለው የሮማ የብር ሳንቲም የወጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ገደማ ነው። ስሙ የመጣው ከአሥር ቁጥር ነው፤ አንዱ ዲናሪየስ በአሥር የነሐስ ሳንቲም ይመነዘር ነበርና። በኋላ ሒሳቡ ተቀይሮ በ16 መመንዘር ጀመረ፣ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ። ይህቺን ነገር ያዛት፣ ከዚህ በታች ያለው ታሪክ ሁሉ ከእሷ ብዙም አይርቅም።

አንተ ያነበብከው ይሄንኑ የሮማ ገንዘብ ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 20 ላይ የወይን ቦታ ሠራተኞቹ በቀን አንድ ዲናር ተዋውለው ይገባሉ። ምዕራፍ 22 ላይ የግብሩን ገንዘብ አሳዩኝ ሲባሉ ያመጡት የቄሣር መልክ ያለበት ዲናር ነው። ዮሐንስ ምዕራፍ 12 ላይ ይሁዳ ሽቱው በ300 ዲናር ይሸጥ ነበር ብሎ ሲያጉረመርም የሚያወራው ስለ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። በቀን አንድ ዲናር ብለህ ብታሰላው፣ ሰንበትና በዓሉ ሲወጣ፣ የአንድ የቀን ሠራተኛ የዓመት ገቢ ነው።

ጓደኛህ ደግሞ ያነበበው ቁርኣን ውስጥ ነው። ሱረቱ ኣሊ ዒምራን ቁጥር 75 ላይ ዲናር ይጠቀሳል፣ ሱረቱ ዩሱፍ ቁጥር 20 ላይ ደግሞ ድርሃም። የመካ ነጋዴዎች ያኔ የራሳቸው ሳንቲም አልነበራቸውም፣ በቢዛንታይን ወርቅና በፋርስ ብር ነበር የሚገበያዩት። ስሙ በግሪክኛና በሶርያ ቋንቋ በኩል ወደ ዓረብኛ ሲሻገር በመንገድ ላይ ዕቃው ተቀየረ፤ ሮማ ውስጥ የብር ሳንቲም የነበረው ምሥራቅ ሲደርስ የወርቅ ሳንቲም ስም ሆነ። ብሩ ድርሃም ተባለ፣ እሱም ከግሪኮች ድራክማ የመጣ ነው።

የመጀመሪያውን እውነተኛ የእስልምና ዲናር ያወጣው የኡመያው ኸሊፋ ዐብዱል መሊክ ቢን መርዋን ነው። ከዚያ በፊት ለጥቂት ዓመታት ኸሊፋው ሰይፍ ይዞ ቆሞ የሚታይበት ሳንቲም አስወጥቶ ነበር። በ696 ወይም 697 ግን ምስሉን ሁሉ አነሳና ሳንቲሙን በሁለቱም በኩል በጽሑፍ ብቻ ሞላው። ክብደቱም 4.25 ግራም ወርቅ ሆነ። ከሞሮኮ እስከ መካከለኛው እስያ ለዘመናት ዲናር ሲባል ሰው የሚያስበው ይቺን ሳንቲም ነው።

ሻይ ቤት ስትመለሱ ለሁለታችሁም የሚሆን አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ዐብዱል መሊክ ያንን ከማድረጉ 400 ዓመት ገደማ በፊት የአክሱሙ ንጉሥ እንዱቢስ በራሱ መልክ የወርቅ ሳንቲም ያስቀርጽ ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ ኩዌት ነው የምሠራው፣ ታናሽ እህቴ ዮርዳኖስ። የሁለታችንም ደሞዝ 150 ዲናር ነው። ለእናታችን ስንልክ ግን የኔ ከእሷ እጥፍ በላይ ሆኖ ይደርሳል። እማዬ “ይቺ ልጅ እየደበቀች ነው” ብላ ተቀይማታለች። ዲናር ዲናር አይደለም እንዴ? (ከፈርዋኒያ፣ ኩዌት)

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን አንብበሽ ሳትጨርሺ ለእናትሽ ደውዪ። እህትሽ ምንም አልደበቀችም። 150 የኩዌት ዲናር ወደ 490 የአሜሪካ ዶላር ይጠጋል። 150 የዮርዳኖስ ዲናር 211 ዶላር ገደማ ነው። ሁለት አበበ የሚባሉ ሰዎች ስማቸው ስለገጠመ ደሞዛቸው አንድ አይሆንም፣ ይሄም እንደዛው ነው። እያንዳንዱን ዲናር የሚያወጣው የየአገሩ ማዕከላዊ ባንክ ነው፣ አንዱ ለሌላው ዋስ አይሆንም። የኩዌቱን ዲናር ይዘሽ የዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን ውስጥ ዳቦ ቤት ብትገቢ ወደ መንዛሪ ይመሩሻል እንጂ ዳቦ አይሸጡልሽም።

የሚገርመው ግን ሲነሱ እኩል ነበሩ።

ነገሩ ከእንግሊዝ ይጀምራል። እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኢራቅን ሲይዙ የህንድ ሩፒ ይዘው ገቡ። ኢራቅ በኤፕሪል 1932 የራሷን ዲናር ስታወጣ አንዱን ዲናር በ13 ሩፒ ከሲሶ ለወጠችው። እንዲህ ያለ የማይመች ቁጥር ከየት መጣ ብትዪ፣ 13 ሩፒ ከሲሶ ማለት ልክ አንድ የእንግሊዝ ፓውንድ ስለነበር ነው። ዮርዳኖስም በ1950 የፍልስጤምን ፓውንድ በዲናር ስትተካ አንድ ለአንድ አደረገችው። ኩዌትም በ1961 ያንኑ ደገመች። ሦስቱም ስማቸው ዲናር ይሁን እንጂ ልካቸው የተወሰደው ከለንደን ነው። ስሙ የኸሊፋዎቹን ዘመን ስለሚያስታውስ ለአዲስ መንግሥት ያምራል፣ ሒሳቡ ግን ፓውንድ ነበር።

ወደ ባሕረ ሰላጤው ስንመጣ ታሪኩ የወርቅ ኮንትሮባንድም አለበት። አካባቢው የሚገበያየው በህንድ ሩፒ ነበር። ነጋዴዎች ሩፒ ይሰበስባሉ፣ በሩፒው ወርቅ ይገዛሉ፣ ወርቁን በድብቅ ህንድ ያስገባሉ። ህንድ ደግሞ ውጭ ለተጠራቀመው ሩፒ በፓውንድ መክፈል አለባት። ሲመራት በ1959 ለባሕረ ሰላጤው ብቻ የሚሆን፣ ህንድ ውስጥ የማይሠራ፣ ቀለሙ የተለየ ሩፒ አሳተመች። ኩዌት በ1961 ከዚያ ወጣች። ባህሬን በ1965 ተከተለች፣ ግን እሷ አንዱን ዲናር በድፍን 10 ሩፒ ለወጠችው። የባህሬን ዲናር እስከ ዛሬ ከኩዌቱ ያነሰው ከዚያ ጀምሮ ነው። አቡዳቢ እንኳ የኢምሬትስ ድርሃም በ1973 እስኪወጣ ድረስ በባህሬን ዲናር ነበር የምትገበያየው።

ታዲያ እኩል ተነስተው የት ተለያዩ? ፓውንድ በ1967 ከ2.80 ዶላር ወደ 2.40 ሲወርድ ኩዌት አብራ አልወረደችም። ከዚያ በኋላም ነዳጁ አለ፣ ሕዝቡ ትንሽ ነው፣ መንግሥትም ጉድለቱን ገንዘብ በማተም አልሸፈነም። ዛሬ ዲናሩን ከአንድ ገንዘብ ጋር ሳይሆን ከብዙ ገንዘቦች ድብልቅ ጋር አስራ ይዛዋለች። ዮርዳኖስ ግን ነዳጅ የላትም፣ በ1988ና በ1989 ዲናሯ ክፉኛ ወደቀ። በ1995 ከዶላር ጋር አሰረችው፣ 1 ዶላር በ0.709 ዲናር ገደማ፣ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። የሁለታችሁ ደሞዝ ልዩነት የተወለደው እዚህ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ “የኩዌት ዲናር የዓለም ውዱ ገንዘብ ነው” ሲባል ብዙ ሰው የኢኮኖሚ ጥንካሬ ማስረጃ አድርጎ ይወስደዋል። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሲጀመር መስፈሪያውን ትልቅ አድርገው ስለቆረጡት ነው። አንድ ዶላር ከ100 የን በላይ ይመነዘራል፣ ጃፓንን ድሃ የሚላት ግን አላየሁም።

ጥያቄ፦ አጎቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ አንድ ሰው እየመከራቸው 5 ሚሊዮን የኢራቅ ዲናር በ6,000 ዶላር ገዝተዋል። “በቅርቡ እንደ ድሮው 3 ዶላር ይገባል፣ ሚሊየነር ነን” ይላሉ። አሁን ደግሞ ሊጨምሩ ነው። እውነት ነው? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ጋሼን አሁኑኑ አስቁሚያቸው። መጨመሩን ተዪው፣ የገዙትም ቢሆን የገዙ ዕለት ነው የከሰሩት። የኢራቅ መንግሥት ዋጋ 1 ዶላር በ1,300 ዲናር ገደማ ነው። 5 ሚሊዮኑ ማለት 200 ባለ 25 ሺህ ኖት ነው፣ ዋጋውም ከ3,800 ዶላር ብዙ አይርቅም። የቀረው 2,200 ዶላር ሻጩ ኪስ ገብቷል።

እነዚህ ሰዎች የሚያሳምኑት እውነትን ከውሸት ጋር ቀላቅለው ስለሆነ እውነቱን መለየት ይሻላል። በ1980ዎቹ አንድ የኢራቅ ዲናር በመንግሥት ዋጋ ከ3 ዶላር በላይ ነበር፣ ይሄ አልተዋሸም። ከ1990 በኋላ የሆነውን ግን አይነግሯችሁም። ሳዳም ኩዌትን ወረረ፣ ማዕቀብ መጣ፣ ኢራቅ ጥሩዎቹን ኖቶች ውጭ አገር ማሳተም አልቻለችም። ከዚያ አገር ውስጥ በደካማ ወረቀት ላይ፣ የሳዳምን ፎቶ እየለጠፈች፣ ያለ ገደብ አተመች።

ሰሜኑ ኩርዶች ያሉበት ክፍል ደግሞ ከባግዳድ ተቆርጦ ስለነበር አዲሱ ወረቀት አልደረሰውም። እዚያ ሕዝቡ በድሮዎቹ ኖቶች መገበያየቱን ቀጠለ። “የስዊስ ዲናር” ይሏቸው ነበር። ኖቶቹ አረጁ፣ ተቀደዱ፣ በፕላስተር ተለጣጠፉ፣ ማንም መንግሥት ቆሜላቸዋለሁ አይልም። ቢሆንም የሚጨምርባቸው ሰው ስላልነበረ ዋጋቸውን ያዙ። ሳዳም ከወደቀ በኋላ ከኦክቶበር 2003 እስከ ጃንዋሪ 2004 አዲስ ዲናር ሲታደል የሳዳሙ ወረቀት አንድ ለአንድ ተቀየረ፣ ያ የተቀዳደደው የስዊስ ዲናር ግን አንዱ በ150 አዲስ ዲናር። አንድ አገር፣ አንድ ስም፣ 150 እጥፍ ልዩነት። አጎትሽ የያዙት የዚያ የአዲሱ ዲናር ኖት ነው።

ሻጮቹ ቀጥለው “ኩዌትም እኮ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሳለች” ይላሉ። ኩዌት ነጻ ስትወጣ ያደረገችው ሌላ ነው። የኢራቅ ወታደሮች የዘረፉትን ኖት ሰረዘችና በአዲስ ኖት ተካችው፣ ዋጋውንም ወደ ነበረበት መለሰች። ገበያው ላይ የፈሰሰ የወረቀት ጎርፍ ስላልነበረ ቻለች። ኢራቅ ውስጥ ዛሬ ከ80 ትሪሊዮን ዲናር በላይ ታትሞ ይዘዋወራል። እያንዳንዱ 3 ዶላር ይግባ ብትዪ ከ240 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ይሆናል። ዓለም በሙሉ በአንድ ዓመት የምታመርተው ተደምሮ የዚያ ግማሽ ገደማ ነው። ታዲያ ማን ነው የሚከፍለው?

“ዜሮ ሊቀንሱ ነው” የሚለውም ወሬ አለ። ኢራቅ ውስጥ ሦስት ዜሮ ስለመቁረጥ ሲወራ ኖሯል። ቢቆረጥም የጋሼ 5 ሚሊዮን 5 ሺህ አዲስ ዲናር ይሆናል፣ ዳቦውም ጤፉም ኪራዩም እንደዛው ዜሮ ይቆረጥለታል። ማንም ሀብታም አይሆንም።

አሁን ምን ይሁን? የአሜሪካ ባንኮች አብዛኛውን ጊዜ የኢራቅ ዲናር አይገዙም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ፈቃድ ያላቸውን መንዛሪዎች በስልክ ጠይቁና በሚገኘው ሽጡት። የገዙበትን ደረሰኝና የጽሑፍ መልእክቱን አትጣሉ። በየስቴቱ ያሉ የኢንቨስትመንት ተቆጣጣሪዎች ስለዚህ ነገር ደጋግመው አስጠንቅቀዋል፣ ኦሃዮ ውስጥም ዲናር ይቸረችሩ የነበሩ ሰዎች በማጭበርበር ተፈርዶባቸዋል። ለስቴታችሁ ተቆጣጣሪና ለፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ማመልከት ትችላላችሁ። አንድ ምክር ልጨምር። ጋሼን ሰው ፊት “ተበላህ” አትበሏቸው። የተበላ ሰው ሲያፍር ለማስመለስ ብሎ ይጨምራል፣ እነዚህም የሚጠብቁት ይሄንኑ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ ሰፈራችን ሰርቦች ብዙ ናቸው። ገንዘባቸው ዲናር ነው ሲሉኝ ገረመኝ። ዓረብ አይደሉ፣ ሙስሊም አይደሉ። (ከቪየና)

መልስ፦ የቱርኮች ቅሪት መስሎህ ይሆናል፣ ግን ከዚያ በፊት ነው። ሰርቢያ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የብር ዲናር ታስቀርጽ ነበር፣ ስሙ የደረሳት በአውሮፓ በኩል ነው። ሮማ ስሙን ለምዕራቡም ትታለት ሄዳለች። ስፔኖች ገንዘብን ዲኔሮ፣ ጣሊያኖች ዴናሮ ይሉታል። እንግሊዞችም እስከ 1971 ድረስ ፔኒያቸውን በአጭሩ የሚጽፉት በዲናሪየስ የመጀመሪያ ፊደል ነበር። የሰሜን መቄዶንያ ገንዘብም ዴናር ይባላል፣ ዝርዝሩ ዴኒ።

ስለ ዩጎዝላቪያ ዲናር ግን ጎረቤቶችህን በሻይ ሰዓት ጠይቃቸው፣ ያልቆጠረ የለም። በ1993 ባለ 500 ቢሊዮን ዲናር ኖት ታተመ፣ ላዩ ላይ የልጆች ግጥም በመጻፍ የሚታወቀው ዮቫን ዮቫኖቪች ዝማይ አለ። በጃንዋሪ 1994 ዋጋ በአንድ ወር ከ300 ሚሊዮን በመቶ በላይ ዘለለ። በዚያው ወር መጨረሻ አዲስ ዲናር አወጡና ከጀርመን ማርክ ጋር አንድ ለአንድ አሰሩት፣ ትንፋሽ የተገኘው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ድሮ መተማ ይነግድ ነበር። ሻንጣው ውስጥ ባለ 1000 የሱዳን ዲናር ኖቶች አገኘን። ሱዳን ፓውንድ አይደል እንዴ? ይመነዘራል? (ከጎንደር)

መልስ፦ አይመነዘርም። ሱዳን ከ1992 እስከ 2007 ዲናር ነበራት። ሲገባ አንዱ ዲናር 10 የድሮ ፓውንድ ነበር፣ ሲወጣ ደግሞ 100 ዲናር በ1 አዲስ ፓውንድ ተለወጠ። የተቀየረው ከ2005ቱ የሰሜንና የደቡብ የሰላም ስምምነት በኋላ ነው። ስምምነቱ አዲሱ ገንዘብ የአገሪቱን ልዩ ልዩ ሕዝቦች የሚመስል ይሁን ይል ነበር፣ ዲናር ደግሞ ለደቡቦቹ የካርቱም ስም ነበር። አባትህ ሻንጣ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ኖት ያኔ 10 ፓውንድ፣ 5 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። አሁን የድሮ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ካገኘህ ሽጥለት፣ ብዙ ግን አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ገና ከአገር መምጣቴ ነው። ሱቅ ገብቼ ደረሰኙ 2.500 ሲል ሁለት ሺህ አምስት መቶ መስሎኝ ዕቃውን ጥዬ ልወጣ ነበር። እንዴት ነው የሚነበበው? (ከማናማ፣ ባህሬን)

መልስ፦ ሁለት ዲናር ተኩል ነው፣ አይዞሽ። ባህሬንም ኩዌትም አንዱ ዲናር 1000 ፍልስ ስለሆነ ከነጥቡ በኋላ ሦስት ቁጥር ይጻፋል። 0.050 ማለት 50 ፍልስ ነው። ሰው የሚሳሳተው በቃል ሲነጋገር ነው። “ሁለት ነጥብ አምስት” ማለት ሁለት ዲናር ከ500 ፍልስ እንጂ ከ5 ፍልስ አይደለም። ደሞዝሽን ስትፈርሚ ነጥቡ የት እንደተቀመጠ እዪ፣ ቁጥሩ በፊደልም እንዲጻፍልሽ ጠይቂ።

እዚያ የሳውዲ ሪያልም ሱቅ ውስጥ ይቀበላሉ። 1 ዲናር በ10 ሪያል ነው የሚታሰበው። በዲናር ከፍለሽ መልሱን በሪያል ከሰጡሽ በዚያ አስልተሽ ቁጠሪ፣ ካነሰ እዚያው በሩ ላይ ጠይቂ።